ራጂው ሲላላ

ሠርግ ሲያልፍ ሰው ሁሉ የሚመለከተው ሙሽራይቱን ነው። እኔ ግን ባለፈው ወር በአርባ ምንጭ ከተማ አንድ ሠርግ ሲያልፍ የተመለከትሁት ጎማውን ነበር፤ ስለዚህም ከጓደኞቼ ብዙ ተሣቀብኝ።

ሙሽሮቹን የያዘው ኦቶሞቢል ጣሪያው የሚገለጥ፥ ቀለሙ እንደ ወተት የነጣ፥ ዕድሜውም ከአባቴ ዕድሜ የሚበልጥ የእንግሊዝ ሥራ ነው። አራቱም ጎማዎቹ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች በደፈና ብረት የተሸፈኑ ሳይሆኑ፥ ከመካከል እስከ ዳር በቀጫጭን የሽቦ ዘንጎች የተወጠሩ ስለሆኑ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ዓይን ይወጋሉ። ሠርገኞቹ ከሴቻ አፋፍ ላይ፥ አባያና ጫሞ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ ወለል ብለው ከሚታዩበት ቦታ፥ ፎቶግራፍ ለመነሣት ቆሙ። ኦቶሞቢሉ ሊቆም ሲል ከፊተኛው ግራ ጎማ «ጢቅ፥ ጢቅ» የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ብስክሌትና ሞተር ሲጠግኑ የሸበቱ አንድ ሰው አጠገቤ ነበሩና ከእኔ ቀድመው ሰምተውት ኖሮ፥ «ልጄ፥ ያ ቸርኬ እያለቀሰ ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ከኪሳቸው ትንሽ ኪያቤ አወጡና ወደ ሙሽሮቹ መኪና አመሩ።

ምን እንዳገኙ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ይህ ነገር የባለጠጎች ጨዋታና የጌጥ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። እርግጥ ነው፥ በጋሞ ዞን ባለራጂ ኦቶሞቢል ብርቅ ነው፤ ያየሁትም እንግዳ ነበር። ነገር ግን ባለራጂ ሞተር ብስክሌት በየመንደሩ ሞልቷል። የጤና ባለሙያው፥ የእንስሳት ሐኪሙ፥ የእርሻ ባለሙያው ወደ ጨንቻ፥ ወደ ዲታ፥ ወደ ቦንኬ፥ ወደ ካምባ የሚወጡት በእነዚሁ በያማሃ ዲቲና በመሰሎቹ ላይ ተቀምጠው ነው። የኦቶሞቢሉም ሆነ የሞተሩ ራጂ የሚገዛው በአንድ ሕግ ነው። በመኪናው ላይ የሚላላው ራጂ ሠርግ ያበላሽ ይሆናል፤ በሞተሩ ላይ የሚላላው ግን ሰው ይገድላል።

ለመሆኑ ራጂ ምን ይሠራል? የጥንቱን የጋሪ እግር የተመለከትን እንደሆነ፥ የመኪናው ክብደት ያረፈው ከታች በኩል ባለው ወፍራም የእንጨት ምሰሶ ላይ ነው፤ እንጨቱ እንደ ቤት ቋሚ ቆሞ ይሸከማል። ሽቦ ግን ቋሚ ሊሆን አይችልም። አንዱን ራጂ አውጥታችሁ በሁለት ጣት ብትጫኑት ይጎብጣል፤ ሁለት ሆናችሁ ብትስቡት ግን አንድ ጎልማሳ ቢንጠለጠልበትም አይበጠስም። እንግዲህ የራጂ ጎማ ብልኀቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ራጂዎች አስቀድመው ይወጠራሉ፥ እምብርቱንም (መካኒኮች ሞዞ የሚሉትን) ከዙሪያው ሁሉ እኩል ስበው በመካከል አንጠልጥለው ይይዙታል። ጎማው መሬት ሲነካ ከታች ያሉት ራጂዎች ውጥረታቸው በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሲያልፉ ደግሞ ይመለሳል። በየዙሩ አንድ ጊዜ መላላት፥ አንድ ጊዜ መወጠር ማለት ነው።

ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ በቀመር ተምሬው ነበር፤ የገባኝ ግን ዶርዜ ነው። ሸማኔው ድሩን ሲዘረጋ አንዱ ክር ከላላ ልብሱ እዚያ ላይ ይኮማተራል፤ አንዱ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ መወርወሪያው ሲመላለስበት ይበጠሳል። ስለዚህ ሸማኔው የሚጨነቀው ለክሩ ውፍረት ሳይሆን ለእኩልነቱ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለውም ድሩ እኩል ሲወጠር ይመስለኛል፤ አንዱ ተወጥሮ ሌላው ቢላላ አንበሳው የሚወጣበትን ቀዳዳ አያጣም።

የዚህን ጎማ ታሪክ በአጭሩ ለመናገር፥ አሳቡን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1808 በማስታወሻው የጻፈው እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ ነው፤ የበረራ ማሽን ሲያልም ቀላል ጎማ ቢያስፈልገው ነው ይህን የፈለሰፈው። በ1874 ጄምስ ስታርሊ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ራጂዎቹ ከእምብርቱ ቀጥ ብለው ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን ዘንበል ብለው እርስ በርሳቸው እንዲተላለፉ አደረገ። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ነው፥ ግን ትልቅ ነው። ራጂው ቀጥ ብሎ ከወጣ ፍሬን ሲያዝ ወይም ሞተሩ ሲጎትት እምብርቱ ይጠመዘዛል እንጂ ጎማውን ይዞ አይዞርም፤ ዘንበል ሲል ግን ግማሾቹ ራጂዎች ለመጎተት፥ ግማሾቹ ለማቆም ይሠራሉ። ቀጥሎም የኮቨንትሪው ራጅ ዊትወርዝ ኩባንያ፥ በጆን ፒው ንድፍ፥ በ1900ዎቹ መጨረሻ ጎማው በአንድ የመካከል ዳዶ ብቻ የሚፈታበትንና የሚታሰርበትን መላ አወጣ። ይህንኑ ፈቃድ ገዝቶ በ1922 በሚላኖ መሥራት የጀመረው ካርሎ ቦራኒ ነው፤ የፌራሪ መኪኖች ለብዙ ዘመን የለበሱት የእርሱን ጎማ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁሉ አገራችንም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ1900 ዓመተ ምሕረት ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ ወልስሊ ኦቶሞቢሉን ለዳግማዊ ምኒልክ አድርሷል፤ በ1949 ዓመተ ምሕረት ደግሞ እነ ገረመው ደምቦባ በሜልቦርን ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድረዋል። ያን ጊዜ ራጂ ማጥበቅ የሚያውቅ ሰው ይከበር እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

ዛሬ የጥንት ኦቶሞቢል ነገር እንደገና መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በውጭ አገር አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓመተ ምሕረት ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። እንዲህ በሆነ ጊዜ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ውርስ ርስት ይጠበቃል፤ ታጥቦ፥ ቀለም ተቀብቶ ለሠርግ ይከራያል። ይህን አልነቅፍም፥ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የምነቅፈው ባለቤቱ ለቀለሙ የሚያወጣውን ገንዘብ ሩቡን እንኳ ለጎማው ለማውጣት መሰሰቱን ነው። ይልቁንም የሚያስቀው፥ ሲፈጠሩ ጀምሮ በደፈና የብረት ቸርኬ የሚሄዱትን ቮልስንና ስድስት መቶን ራጂ ለማልበስ የሚደክሙት ናቸው። አንዳንዱማ ራጂ የሚመስል የፕላስቲክ ክዳን ይለጥፍባቸዋል! መኪናው ሲሠራ ያልነበረውን ጎማ አለብሳለሁ ማለት እምብርቱን፥ ፍሬኑንና መሪውን ሁሉ እነካለሁ ማለት ስለሆነ፥ ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ።

ከጥንት ጀምሮ ባለራጂ የሆነ መኪና ያለው ሰው ግን ምን ይምረጥ? መጀመሪያ ይቍጠር። በእንግሊዞቹ መኪኖች 48፥ 60ና 72 ራጂ ያላቸው ቸርኬዎች ይገኛሉ፤ ለከተማ ሽርሽር አነስተኛው ይበቃ ይሆናል፥ ለእኛ ጠጠር መንገድ ግን ብዙ ራጂ ያለው ይመረጣል፤ ሸክሙን ለብዙዎች ያካፍላልና። ሁለተኛ፥ በብየዳ የተያያዘ ራጂ መሆኑን ይመልከት። የፎርድ «ሞዴል ኤ» ቸርኬ ለምሳሌ ራጂው ከቸርኬውና ከእምብርቱ ጋራ የተበየደ ስለሆነ አይጠብቅም፥ አይላላም፤ ከተጣመመ ወይም ከተሰነጠቀ ራጂ እየመረጡ ማጥበቅ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው ነገር አንጸባራቂው ክሮም ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ራጂው በክሮም ሲነከር ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህን ለማስቀረት ብረቱ ከተነከረ በኋላ በምድጃ ሙቀት መቈየት አለበት። በገበያ ላይ ያለው አሮጌ ቸርኬ በምድጃ ይለፍ አይለፍ ማን ያውቃል? ቀለም የተቀባ ራጂ ግን ስንጥቁንና ዝገቱን አይደብቅም፤ ሐቀኛ ነው። ገንዘብ ያለው ከማይዝግ ብረት የተሠራውን ይግዛ፤ የሌለው ቀለም የተቀባውን ይያዝ፤ አንጸባራቂውን ለመስተዋት ይተወው።

አሮጌ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ከሁሉ በላይ የእምብርቱን ጥርስ በጣቱ ይዳብስ። በመካከል ዳዶ የሚታሰረው ጎማ ከመኪናው ጋራ የሚያያዘው በቀጫጭን ጥርሶች ነው፤ የሞተሩ ጕልበትና የፍሬኑ ኀይል የሚያልፈው በእነርሱ በኩል ነው። ጥርሱ አናቱ ደልደል ያለ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ መጋዝ ከሾለ ግን አልቋል። የማለቁ ምልክት መኪናው ሲነሣና ወደ ኋላ ሲመለስ «ቋ» ማለቱ ነው። ይህን ድምፅ የሰማ ሰው ጎማውን ብቻ ለውጦ እምብርቱን ከተወው አዲሱን ጥርስ አሮጌው ይበላዋል፤ ሁለቱም አብረው መለወጥ አለባቸው።

ስለ ዳዶው ደግሞ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ምክንያቱም በጋራዥ ሲሳሳቱበት በዓይኔ አይቻለሁ። የመኪናው ግራ ጎማዎች ዳዶ እንደ ማንኛውም ዳዶ ይጠብቃል፤ የቀኞቹ ግን በተቃራኒው የተጠረበ ጥርስ አለው። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ መኪናው ሲሄድ ዳዶው ራሱን እያጠበቀ እንጂ እየፈታ እንዳይሄድ ነው። ለማስታወስ የሚቀለው እንዲህ ነው፤ ጎማው ወደ ፊት በሚዞርበት አቅጣጫ ብትመቱት ይፈታል፥ ወደ ኋላ ብትመቱት ይጠብቃል። እንግዲህ የግራውና የቀኙ እምብርት ተለዋውጠው የተገጠሙ እንደሆነ ምን እንደሚሆን አስቡት። መኪናው በሄደ ቍጥር ዳዶው ይፈታል፤ ጎማውም ከባለቤቱ ቀድሞ ቍልቍለቱን ይወርዳል። ዳዶውን የሚመታው መዶሻም የብረት መሆን የለበትም፤ የመዳብ፥ የእርሳስ ወይም ጠንካራ እንጨት ይሁን። ጎማው አዲስ ከታሰረ በኋላ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው። ከመታሰሩ በፊት ጥርሱ ይጸዳ፥ ስስ ግራሶም ይቀባ፤ ይህ ካልሆነ የሚቀጥለው ጊዜ የሚፈታው በመዶሻ ሳይሆን በጸሎት ይሆናል።

አሁን ወደ ሞተሩ ልመለስ፤ እኔም ስለ ራጂ ማሰብ የጀመርሁት በሠርግ ሳይሆን በፍርሃት ነው። ባለፈው ዓመት በክረምት ከአንድ ወዳጄ ጋራ በሞተሩ ተፈናጥጠን ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ እንወርድ ነበር። ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 1300 ገደማ ላይ። ይህን ሁሉ ቍልቍለት የምንወርደው በ37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ረጥቧል፥ ጭጋጉ ከቀርከሃው መካከል ይነሣል፥ ወዳጄም በየመታጠፊያው ፍሬን ይይዛል። ወደ እኩሌታው ስንደርስ የኋላው ጎማ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ጎማው የፈነዳ መስሎን ወረድንና ብናይ ነፋሱ ሙሉ ነው። በአንድ ወገን ግን ሦስት ራጂዎች ከአንገታቸው ተቈርጠው ተንጠልጥለዋል፤ አጠገባቸው ያሉት ሌሎች አራት ወይም አምስት ደግሞ በጣት ሲነኩ እንደ ሣር ይወዛወዛሉ። ከጥቂት ቀን በፊት ወዳጄ ያንን ጎማ ጋራዥ አስገብቶት ነበር፤ የተላላውን አንዱን ራጂ ብቻ አጥብቀው መለሱለት።

ይህ ለምን ሆነ? ቅድም እንዳልሁት ራጂው በየዙሩ አንድ ጊዜ ይላላል፥ አንድ ጊዜ ይወጠራል። የሞተሩ ጎማ በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል ብንል፥ ከጨንቻ አርባ ምንጭ ለመውረድ 18500 ጊዜ መዞር አለበት። በትክክል የተወጠረ ራጂ ይህን ሁሉ ሲቀበል ውጥረቱ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ፈጽሞ አይላላም። የላላው ግን በየዙሩ ጨርሶ ይለቀቅና እንደገና በድንገት ይሳባል፤ ከእምብርቱ ጋራ በሚያያዝበት ክርን ላይ ይታጠፋል፥ ይቃናል፥ ይታጠፋል፥ ይቃናል። ሽቦን በእጅ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የበጠሰ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ ሲበጠስ ሸክሙ ለጎረቤቱ ይተርፋል፤ ጎረቤቱም ይከተለዋል። ራጂ የሚበጠሰው ከብዶት ሳይሆን ሰልችቶት ነው ብል የምሕንድስና መምህሮቼ ይቅር የሚሉኝ ይመስለኛል።

ምርመራው ግን እንዴት ቀላል መሰላችሁ! ጎማውን በክሪክ ከመሬት ማንሣት ነው፤ መሬት ላይ እንዳለ ከተመታ የታችኞቹ ራጂዎች ድምፃቸው ስለሚወርድ ያሳስታሉ። ከዚያ በኪያቤ ጫፍ ራጂዎቹን በተራ መምታት ነው። የተወጠረው እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው «ዶፍ» ይላል። ቀጥሎ አንድ እርሳስ ከአጠገቡ አስደግፎ ጎማውን ማዞር ነው፤ ቸርኬው ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ጎን ከተወዛወዘ መቃናት አለበት። ሲቃናም አንዱን ራጂ ብቻ እስኪጮኽ ማጥበቅ ኀጢአት ነው፤ ቸርኬውን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፉ፥ በአንዱ ወገን ሲጠብቅ በተቃራኒው እያላሉ፥ እየዞሩ መሄድ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይንካ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል። ራጂው ሲጠብቅ ጫፉ በቸርኬው በኩል ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ገፍቶም ካላማዳሪውን ይወጋዋል። ስለዚህ ብዙ ከጠበቀ በኋላ ጎማው ተፈቶ ጫፉ በሞረድ መስተካከል፥ በላዩም ላይ የላስቲኩ መቀነት መመለስ አለበት። ጎሚስታዎች «ይህ ጎማ ጠላት አለው፥ ሁልጊዜ ይተነፍሳል» የሚሉት ብዙ ጊዜ ጠላቱ ከውስጡ ስለሆነ ነው። በክረምት ደግሞ የደጋው ቀይ ጭቃ በራጂዎቹ ሥር ገብቶ ይደርቅና እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በውኃ አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ የሚፈጀው ጊዜ ቡና ከማፍላት አይበልጥም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ አይገባኝም። ራጂ የሚያቃና ሰው ለአንድ ጎማ ግማሽ ቀን ይደክምና የሚከፈለው ለአንድ ቀዳዳ ከሚከፈለው ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ከሆነ ለምን ይትጋ? ልጁስ ለምን ይማርለት? እኛ በዩኒቨርሲቲ የመካኒካል ምሕንድስና ስንማር ስለ ጎማ ውጥረት በሰሌዳ ላይ ጽፈናል፥ ፈተናውንም አልፈናል፤ አንድም ጊዜ ግን ኪያቤ ይዘን ራጂ አላቃናንም። እነዚያ ሽማግሌ ግን ቀመሩን ሳያውቁ በጆሯቸው ይሠሩታል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች እንዲህ ያሉትን ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ጠርተው አበል እየከፈሉ ለወጣቶች ቢያስተምሩባቸው ምን ይጎዳል? በየዓመቱ ለቦሎ የሚቀርበውን ሞተር የሚመረምረው ባለሙያስ ሁለቱን ጎማዎች በኪያቤ ጫፍ ቢያንኳኳ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበት ይሆን? መሥሪያ ቤቶችም ለባለሙያዎቻቸው ሞተር ሲሰጡ ቤንዚኑን እንደሚቈጥሩት ሁሉ ራጂውንም ያስቈጥሩ። በየደጋው ላይ መንገደኛ ሆኖ ክትባት የሚያደርሰው ወጣት ሕይወቱ የተንጠለጠለው በእነዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ነው፤ እርሱ ራሱ ግን ይህን የነገረው ሰው አይኖርም።

የሠርጉን ነገር አልረሳሁትም። ሽማግሌው ወደ ሙሽሮቹ መኪና ደርሰው ባርኔጣቸውን አወለቁና ባለቤቱን፥ «ጋሼ፥ በጥጋብ አይደለም፥ ይፍቀዱልኝ» አሉት። ባለቤቱ መጀመሪያ ተቈጣ፤ ሙሽራው ግን የገጠር ልጅ ስለሆነ ሽማግሌ አይመለስም ብሎ አስፈቀደ። ክሪኩ ወጣ፥ ጎማው ተነሣ፥ ሽማግሌውም በኪያቤው ጫፍ ዙሪያውን ያንኳኩ ጀመር። ጥርት፥ ጥርት፥ ጥርት፥ «ዶፍ»። ዘፋኞቹ ዝም አሉ። አራት ራጂ ላልቶ፥ አንዱ ከአንገቱ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ የሚያብረቀርቀው ክሮም ስንጥቁን ሸፍኖት ኖሯል። ባለቤቱ ላቡን እየጠረገ «እስከ ሲቀላ ያደርሳል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ባዶውን ከሆነ፥ ቀስ እያለ ይደርሳል» አሉት።

ሙሽሮቹ የቀረውን መንገድ በባጃጅ ወረዱ። ባጃጁ ሰማያዊ ነው፥ ጎማውም ራጂ የለውም፤ የሙሽራይቱ ቬሎ ከሁለቱም በኩል ወጥቶ ይውለበለብ ነበር።